ሣሩን የገደለው ሰፈራችን አይደለም!

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሣር ነው። አዎ፣ ስለ ሣር! እብራይስጡ «ደሼ» ስለሚለው፣ ከየሕንፃችን ፊት ለፊት ስለሚነጠፈው አረንጓዴ። «ይኼ ሰውዬ ደግሞ ወሬ አለቀበት እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ታገሱኝ፣ ነገሩ ከሣር ይጀምራል እንጂ በሣር አያልቅም።

በሥራዬ ምክንያት በየሳምንቱ ቂርያት ማላኺ፣ ገደራና ያቭኔ እመላለሳለሁ። በሙያ ትምህርት ቤት የተማርኩት የውሃ ቧንቧና መስኖ ነው፤ ከሠራዊቱ ከወጣሁ በኋላም እንጀራዬ እሱው ሆነ። እና በእነዚህ ዓመታት ከጆሮዬ ያልጠፋ አንድ አባባል አለ። «ኢትዮጵያውያን በሚበዙበት ሰፈር ሣር መትከል ገንዘብ መጣል ነው። አይንከባከቡትም፤ በሁለት ወር ያደርቁታል።» ይህን ከተቋራጭ ሰምቼዋለሁ። ከጎረቤት ሰምቼዋለሁ። ከሁሉም የሚያሳዝነው ደግሞ ከራሳችን ልጆች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ እያፈሩ «እኛ እኮ እንዲህ ነን» ሲሉ!

ውሸት ነው። ወገኖቼ፣ ይህ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ሣሩ የሚሞተው በአጠጣጡ ነው። አጠጣጡን የሚወስነው ደግሞ ፎቅ ላይ ያሉት እማማም፣ ታች ኳስ የሚያንከባልለው ሕፃንም አይደሉም። ሰዓቱን ሞልቶ፣ ሣጥኑን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የሄደው ሰው ነው።

እስቲ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። ከሦስቱ ከተሞች በአንዱ፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ በግንቦት ወር የጭነት መኪና እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ ሣር አምጥቶ ያራግፋል። በአንድ ቀን ይዘረጋል። ማምቴራ (ውሃ የሚረጨው) ይተከላል፤ የመስኖ ሰዓቱ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ እንዲያጠጣ ይሞላል። ባለሥልጣን መጥቶ ፎቶ ይነሳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰፈሩ እንደ ኤደን ይሆናል። ከዚያስ? ከዚያ ማንም አይመለስም። በነሐሴ የሰዓቱ ባትሪ ያልቃል። ሣጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ከእኛ ዘንድ የለም። በሦስት ቀን ሣሩ ገለባ ይሆናል። በአራተኛው ቀን «አላልኳችሁም?» የሚል ሰው ይመጣል።

ለመሆኑ በሦስት ቀን የሚሞት ሣር ምን ዓይነት ሣር ነው? ሥር የሌለው ሣር ነው! ሥር ያልሰደደውስ ለምንድን ነው? የዛሬው ጽሑፌ ዋና ጉዳይ ይህ ነው።

አዲስ ሣር እና የቆየ ሣር አንድ ዓይነት ውሃ አይጠጡም። ተጠቅልሎ የመጣ ሣር ሥሩ ከእርሻው ሲነሳ ተቆርጧል፤ ይዞት የመጣው አፈር ከሁለት ከሦስት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ በተዘረጋበት ሰዓት፣ ነገ ሳይባል፣ ከሥሩ ያለው መሬት እስኪርስ ድረስ በደንብ መጠጣት አለበት። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥር እስከ አሥራ አራት ቀናት ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ይጠጣል፤ በበጋ በቀን ሁለቴ፣ በሙቀቱ ቀን ሦስቴ። እዚህ ላይ ተቋራጩ ልክ ነው፣ አልከራከርም። በዘር የተዘራ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ዘሩ በቅሎ እስኪቆም ድረስ የላይኛው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር አፈር ሊደርቅ አይገባም። ነገር ግን ኩሬ መሥራት አይደለም። ስትረግጡት እግራችሁን የሚውጥ ከሆነ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ታዲያ ይህ እስከ መቼ ነው? መለኪያው ቀላል ነው። የሣሩን ጥግ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ከተነሳላችሁ ገና ነው። እምቢ ብሎ ከያዘ ሥሩ ወደ ታች መውረድ ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጡት ማስጣል ይጀመራል! በቀን ሦስቴ የነበረው በቀን አንዴ፣ ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ፣ ከዚያ በሦስት ቀን አንዴ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ግን የሚጠጣው መጠን ይጨምራል። ከተተከለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ እንደ ቆየ ሣር መጠጣት አለበት።

እናቶቻችን ይህን ያውቁታል። ልጅን በሦስተኛ ወሩ እንጀራ አያጎርሱትም፤ በሦስት ዓመቱ ደግሞ ጡት ብቻ እያጠቡ አያኖሩትም። ሥር ውሃ ባለበት ነው የሚሄደው። ውሃ ሁልጊዜ ከላይ ብቻ ካገኘ ለምን ይወርዳል? ከላይ ይንሰራፋል፣ በሰው ቸርነት ይኖራል፣ ቸርነቱ የተቋረጠ ቀን ይሞታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ስሜት ብቻ ነው እንዳትሉኝ። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲፈስ አንድ ሊትር ነው። የቆየ ሣር በበጋ በሳምንት ወደ 25 ሚሊ ሜትር፣ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ወደ 30 ይበቃዋል። መቶ ካሬ ሜትር ላለው ሣር ከ2.5 እስከ 3 ኩብ በሳምንት ማለት ነው። የማይዞረው፣ እንደ ጃንጥላ የሚረጨው ማምቴራ በሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ያወርዳል። አምስት ደቂቃ በቀን ሦስቴ ሲረጭ በቀን 10 ሚሊ ሜትር፣ በሳምንት 70 ይሆናል። መቶ ካሬ ሜትር ላይ 7 ኩብ! ማለትም የሣሩን ዕድሜ ሳይለይ በአዲስ ሣር ሰዓት የተተወ መስኖ በሳምንት 4 ኩብ ያባክናል። በዚህ አገር በዝቅተኛው ዋጋ ለአንድ ሰው በወር የሚታሰበው ውሃ 3.5 ኩብ ነው። እንግዲህ ፍረዱ! የአንድ ሰው የወር መጠጥ፣ መታጠቢያና ማብሰያ በአንድ ሳምንት ሣር ላይ ፈሶ፣ ሣሩም ሥር አላበጀም።

የሚዞረው ማምቴራ ደግሞ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚሰጠው። እሱን አምስት ደቂቃ ከፍቶ መዝጋት ቅጠሉን ማጠብ ነው እንጂ ማጠጣት አይባልም። ስለዚህ «ስንት ደቂቃ ላጠጣ?» ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ማምቴራችሁን ሳላይ መልስ የለኝም። ይልቅ የቱና ቆርቆሮ አትጣሉ። አምስት ስድስቱን ሣሩ ላይ በተለያየ ቦታ አስቀምጡ፣ ውሃውን ሩብ ሰዓት ክፈቱ፣ ከዚያ በማስመሪያ ለኩ። አንዱ ቆርቆሮ ሞልቶ ሌላው ባዶ ከሆነ ማምቴራው ተጣሟል ወይም ተደፍኗል፤ ያንን ሳታስተካክሉ ደቂቃ መጨመር ለሞላው መጨመር ነው።

ለቆየ ሣር ደንቡ ይህ ነው፤ ብዙ አጠጣ፣ ከዚያ ተወው። ውሃው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ካጠጣችሁ በኋላ ረጅም ካቻቪቴ መሬት ውስጥ ክተቱ፤ እርጥብ እስከሆነበት ድረስ በቀላሉ ይገባል፣ ደረቁ ላይ ይቆማል። እንደገና መቼ ነው የሚጠጣው? ሣሩ ራሱ ይናገራል። ረግጣችሁት ስታልፉ ዱካችሁ ቶሎ ካልተነሳ፣ አረንጓዴው ወደ ግራጫ ሰማያዊ ካደላ ጠምቶታል። ካልጠማው አትንኩት! ደግሞም ሲታጨድ ከቁመቱ ከሲሶው በላይ አይቆረጥ፤ እስከ መሬት የተላጨ ሣር ሥሩም ያጥራል።

ሰዓቱ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ወይም በማለዳ ነው። በቀትር ፀሐይና ከባሕር የሚነሳው ነፋስ ይሻሙታል። በምሽት ካጠጣችሁ ቅጠሉ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ያድርና ሻጋታ ይይዘዋል። በሠራዊት ሳለሁ በሐምሌ ቀትር ጎማ አስይዞ ከባንዲራው ሥር ያለችውን ሣር የሚያስጠጣን ራሳር ነበር። «ትዕዛዝ ነው!» ይል ነበር። ለትዕዛዝ እንታዘዛለን፤ ውሃ ግን ለትዕዛዝ አይታዘዝም፣ ይተናል። ብዙው የሰፈር ሣር ዛሬም የሚጠጣው በራሳሩ ሥርዓት ነው፤ ለሣሩ ሳይሆን ሲጠጣ ለሚያየው አለቃ።

ሌላው ስህተት ለሦስቱም ከተማ አንድ ሰዓት መሙላት ነው። ያቭኔ ወደ ባሕሩ ስትሄዱ አሸዋ ነው። አሸዋ ውሃ አይዝም፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ያነሰ፣ ግን ጠጋ ጠጋ ብሎ ይሰጠዋል። በቂርያት ማላኺ ዙሪያ ደግሞ ብዙ ቦታ ከባድ አፈር ነው፤ እኛ ዋልካ የምንለው፣ በበጋ የሚሰነጠቀው። ዋልካ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። ግማሽ ሰዓት ብትለቁበት እኩሌታው ወደ አስፋልት ይወርዳል። መፍትሔው ከፋፍሎ መስጠት ነው፤ አሥር ደቂቃ አጠጣ፣ ግማሽ ሰዓት አሳርፍ፣ ደግሞ አሥር ደቂቃ። ገደራ ሁለቱንም ታገኛላችሁ፤ ቀዩ አሸዋማ አፈር አንድ ቦታ፣ ከባዱ ደግሞ ሌላ ቦታ። ስለዚህ መጀመሪያ አፈሩን በእጅ ማፈስ ነው፤ ጨብጠው ሲለቁት የሚበተነው ሌላ፣ እንደ ጭቃ የሚጠፈጠፈው ሌላ።

እንግዲህ «ሐበሻ ሣር መንከባከብ አያውቅም» የሚለውን ሰው እዚህ ላይ ልያዘው። በደምቢያ ዋልካ ላይ ሲያርስ ያረጀ ሰው ስለ አፈርና ውሃ አያውቅም? በገደራ በሻፒራ ሰፈር ሽማግሌዎቻችን በማኅበረሰቡ የአትክልት ቦታ መሬት ሲቆፍሩ ያየ ሰው ይህን ለመናገር ምን አፍ አለው? አንድ አባት ሰፈራቸው የደረቀውን ሣር እያሳዩ «ልጄ፣ ይህ እኮ ከላይ ከላይ ነው ያጠጡት» አሉኝ። «እንዴት አወቁ አባባ?» ብላቸው «ሥሩን አየሁት» አሉ። አለቀ! ዲፕሎማ የለም፣ ኮምፒውተር የለም። ግን ማን ጠየቃቸው? ቁልፉ ከእሳቸው ዘንድ ነው እንዴ?

ይባስ ብሎ ልንገራችሁ። በዚህ አገር በብዛት ከሚተከሉት ሣሮች አንዱ ኪኩዩ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከኬንያ የኪኩዩ ሕዝብ ነው፤ የተፈጥሮ አገሩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው፤ የኢትዮጵያን ደጋ ጨምሮ! እንግዲህ ሣሩም እንደኛው ከደጋ የመጣ ስደተኛ ነው። ጠንካራ ነው፣ ሥሩን ያወርዳል፣ ከተመቸው አጥርም አያቆመውም። እሱ የሞተበት ቦታ ላይ ጥፋቱ የሣሩ አይደለም።

«ውሃ በሌለበት አገር ሣር ለምን አስፈለገ?» የሚል ወንድም ደግሞ አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፣ አከብረዋለሁ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 የኪኔሬት ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 214.87 ሜትር ድረስ ወርዶ ነበር። በ2009 የድርቅ ቀረጥ መጣሉን፣ ሕዝቡም ጮኾ መታገዱን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ባሕሩን ማጣፈጥም መጣ፤ አሽኬሎን በ2005፣ ከያቭኔ አጠገብ ያለው ፓልማኺም በ2007፣ ሶሬቅ በ2013። ከጉሽ ዳን ከተሞች የሚወጣው ፍሳሽም ተጣርቶ በሶሬቅና በያቭኔ አሸዋ ውስጥ እንዲሰርግ ይደረግና ተመልሶ ተቀድቶ የኔጌቭን እርሻ ያጠጣል። ታዲያ ከባሕር በኤሌክትሪክ የተጣራ ውሃ ርካሽ ነው? አይደለም! ስለዚህ መልሴ እንዲህ ነው፤ ሣር ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ ብቻ ይተከል፤ በመንገድ ዳርና በአጥር ሥር፣ ማንም በማይረግጠው ቦታ፣ ዛፍና ቁጥቋጦ በቲፍቱፍ ይጠጣ። የተተከለው ሣር ግን በትክክል ይጠጣ። የእኛ ልጆች የሚጫወቱበት አቧራ፣ የሌላው ሰፈር ልጆች የሚጫወቱበት ሣር የሚሆንበት ምክንያት የለም። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» እንደሚባለው ግን ሰዓቱን ሞልቶ የሚሄደው ሰው ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስለ ሰርዶው አይጨነቅም።

እኛንም የሚመለከት ነገር አለ። መኸር አልፎ ዝናብ ሲጀምር ምኩራብ ውስጥ ቆመን «ዝናብ ስጠን» እያልን እንጸልያለን፤ ከደጅ ማምቴራው በዝናብ ላይ ዝናብ ይረጫል! ይህ ጸሎትን ማቃለል አይደለም ወይ? ኦሪት ይህችን ምድር ከግብጽ የምትለያት ውሃዋ ከሰማይ ስለሆነ ነው። ከሰማይ ሲመጣ የእኛን መዝጋት ማንን ይጎዳል? በክረምት የደጋ ሣር ቢጫ ይሆናል፤ ተኝቷል እንጂ አልሞተም፣ ውሃ አትጨምሩበት። የሽሚታ ዓመትም ያስተምረናል። በሽሚታ አዲስ ሣር አይተከልም፤ ያለው እንዳይሞት ያህል ብቻ ይጠጣል። ያለፈው በ2021 መስከረም ገብቶ በ2022 ወጣ፤ ቀጣዩ በ2028 መስከረም ይገባል። እስከዚያ ሥሩን ያወረደ ሣር ያንን ዓመት በትንሽ ውሃ ይሻገራል፤ ከላይ ከላይ የለመደው አይሻገርም።

ስለ ሒሳብም አንድ ነገር ልበል። ያ 3.5 ኩብ የሚታሰበው በተመዘገበ ሰው ቁጥር ነው። ሰባት ነፍስ ያለበት ቤት ቁጥሩን ለውሃ ድርጅቱ ካላሳወቀ እንደ ሁለት ሰው ቤት ይቆጠርና ትርፉን በውዱ ዋጋ ይከፍላል። የደጁን ሣር ውሃ በቫድ ባይት በኩል የምትከፍሉም የቆጣሪውን ንባብ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። መጀመሪያ በሣር አያልቅም ብያችሁ ነበር። ከ1984 የሙሴ ዘመቻ ጀምሮ አርባ ዓመት አልፏል። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው መጣ። በመጣንበት ሰሞን ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ መጠጣት ያስፈልገን ነበር፤ ኡልፓን፣ አስተርጓሚ፣ ሶሻል ወርከር። አመስጋኝ ነኝ። ነገር ግን እዚህ የተወለደ፣ በዚህ ሠራዊት ያገለገለ ልጅ ዛሬም «ለአዲስ ገቢዎች» የሚል ልዩ ክፍል፣ ልዩ ፕሮግራም፣ ልዩ ምሳ ለምንድን ነው? አምስት ደቂቃ በቀን ሦስቴ! በጀቱ በዓመቱ ሲቋረጥ ልጁ ይደርቃል፤ ከዚያ «እኛ ሞከርን፣ እነሱ ግን...» ይባላል። እኛ የምንለምነው ተጨማሪ ርጭት አይደለም። ጥሩ ትምህርት ቤት፣ ጥሩ ሥራ፣ የራሳችን ቤት፤ ወደ ታች የሚወርድ ውሃ ነው። ከዚያ ተዉን፣ ሥር እንሰዳለን።

ለሰፈራችሁ ሣር ግን ዛሬውኑ ልትጠይቁ የምትችሉትን ልንገራችሁ፤

1. ሣር ሲተከል ውሉ ላይ ተቋራጩ በሁለተኛው፣ በአራተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ተመልሶ ሰዓቱን እንዲቀይር ይጻፍ።
2. የሣጥኑ አንድ ቁልፍ ከነዋሪ ዘንድ ይሁን፤ ቢቻል መሬት ከሚያውቁ አባት ወይም እናት ዘንድ።
3. ባትሪው ከበጋ በፊት ይቀየር። ሳንቲም ለሆነ ባትሪ ስንት ሺህ ሼኬል የወጣበት ሣር አይሙት።
4. በሣጥኑ ክዳን ውስጥ በእብራይስጥና በአማርኛ የማጠጫው ቀንና ደቂቃ ይለጠፍ።
5. ቧንቧው ሐምራዊ ከሆነ የተጣራ ፍሳሽ ነው፤ ልጆች እንዳይጠጡት ምልክት ይደረግበት።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሣሩ ከሞተ ያኔ «አይንከባከቡም» በሉን። እስከዚያ ግን ዝም በሉ፣ ቁልፉንም አምጡ!

የእስራኤል አምላክ ዝናቡን በወቅቱ ያውርድልን። ቸር እንሰንብት።